አሥራ አራት ገጽ የጎደለው መጽሔት

እሺ፣ እሺ፣ ብርጭቆ ማንኳኳቱ ይብቃ! ስታሴ፣ እባክሽ ኬኩን መቁረጥ ለጊዜው ተዪው፤ ሰው ሁሉ አፉን ሞልቶ ከተቀመጠ ማን ይስቅልኛል? ዳይሬክተራችን ሉድቪካስ ቀድሞኝ ተናግሯል። ያማረ ንግግር ነበር፤ አጠር ቢል ደግሞ ይበልጥ ያምር ነበር። ለእኔ የቀረችልኝ አምስት ደቂቃ ናት። አምስት ደቂቃ! እኔ ዜኖናስ ከእትዬ ጌኖቫይቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጬ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳልቋረጥ ጨርሼ አላውቅም። ዛሬ ግን እሳቸው ተሸኚ ናቸው፤ ተሸኚ ዝም ብሎ ይሰማል። እትዬ፣ ሰምተዋል? ራስዎንም አይነቅንቁብኝ፤ እሱም ያው መልስ ነው።

ከመጡበት ቀን ልጀምር። ጥቅምት ነው፣ ዝናቡ አልቆም ብሏል። እኔ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ አርኪዮሎጂስት ነኝ፤ ከቁፋሮ የመጣ አንድ ሣጥን ገል ታቅፌ ይቺን ጠባብ ደረጃችንን እየወጣሁ ነው። ከላይ ደግሞ አንዲት ሴት በሁለት እጃቸው ሁለት ሻንጣ አንጠልጥለው ይወርዳሉ። ለካ ፎቅ ተሳስተው ኖሯል። መሀል ደረጃው ላይ ተፋጠጥን።

«ያሳልፉኝ፣ ከባድ ነው የያዝኩት» አልኩ።

«የእኔም ከባድ ነው።»

«የእኔ የአምስት ሺህ ዓመት ሸክላ ነው!»

በመነጽራቸው አናት አሻግረው ሣጥኑን አዩት። «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ምን... ምንም አይልም። ሸክላ ነው እኮ።»

«እንግዲያው አሳልፈኝ። የእኔዎቹ ይናገራሉ።»

ወደ ኋላዬ ደረጃውን ወረድኩላችሁ። እሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ እታች ስንደርስ የአንደኛው ሻንጣ መቆለፊያ ተበረገደና ከየመንደሩ አሮጊት የተለቀሙ ቃላት በካርድ በካርድ የተጻፉ፣ አራት ሺህ ይሁኑ አምስት ሺህ፣ ወለሉን ሞሉት። እኔም ደንግጬ ሣጥኔን ለቀቅሁት። ስታሴ ያኔ ገና የተቀጠረች ቀጭን ልጅ ነበረች፤ መጥረጊያዋን ይዛ ከች አለች። «ይሄ የማን ቆሻሻ ነው?» ብላ ጮኸች። እኔ «የእሳቸው!» አልኩ፤ እሳቸው «የእሱ!» አሉ። የእኔና የእትዬ ጌኖቫይቴ የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ክርክር ይኸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያደረግናቸውም ከዚህ ብዙም አልተሻሻሉም።

የያኔው ዳይሬክተር ነፍሳቸውን ይማርና፣ «የላይኛው ጣሪያ እስኪጠገን ለአንድ ሳምንት ብቻ ተጠጋጉ» ብለው አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡን። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል። ሉድቪካስ፣ ወደ ጣሪያው አትመልከት፤ የባሰ ያሳብቅብሃል።

ጠባችን ምን እንደሆነ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ለአዲሶቹ ልጆች ግን ልንገራችሁ። ከአየርላንድ እስከ ሕንድ ግማሹ ዓለም የሚናገራቸው ቋንቋዎች ድሮ አንድ እናት ነበራቸው። እዚህ ድረስ እንስማማለን። እናቲቱ የት ቤት ነበራት ስንባባል ነው ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል ቁም ሣጥን መሀላችን የገባው። እትዬ ከጥቁር ባሕር ወዲያ፣ በሰሜን በኩል ካለው ሣር ሜዳ ይላሉ። «ልጆቿ ሁሉ ለጋሪ ጎማ ቃል አላቸው፣ ለቀንበር ቃል አላቸው፤ ጋሪ ሳይኖራቸው ቃሉን ከየት አመጡት? ስለዚህ ጋሪ ያለበት አገርና ዘመን ፈልግ» ነው ክርክራቸው። እኔ ደግሞ አይደለም፣ ከዚያ ሦስት ሺህ ዓመት ቀደም ብሎ ከአናቶሊያ እህል ይዘው የመጡ ገበሬዎች ናቸው እላለሁ። ዘራቸው አለ፣ ማጭዳቸው አለ፣ ሸክላቸው አለ!

«ማስረጃ ያምጡ፤ በእጅ የሚዳሰስ ማስረጃ!» እላለሁ።

«ሸክላህ በየትኛው ቋንቋ ነው ዝም የሚለው?» ይሉኛል።

ይሄው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት። በክረምት መስኮታችን በእንፋሎት ሲሸፈን፣ እትዬ በጠዋት ቀድመው ይገቡና በጣታቸው መስታወቱ ላይ የጋሪ ጎማ ይስላሉ። እኔ ስገባ አጠገቡ የስንዴ ዛላ እስላለሁ። አንድ ቃል አንለዋወጥም፤ ካፖርታችንን ሰቅለን ሥራ እንጀምራለን። አንድ ጊዜ ስታሴ መስኮቱን ወልውላብን ሁለታችንም አብረን አኮረፍናት። በሠላሳ አንድ ዓመት ከተስማማንባቸው ሦስት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ሁለተኛውን ታስታውሱታላችሁ፤ ያ የዘረ መል ባለሙያ የመጣ ቀን ነው። አዳራሽ ሞልተን ጠበቅነው። ሰውዬው አንዲት የሞተ ሰው ጥርስ በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣና፣ «ክርክሩ አልቋል፤ ቃልም ሸክላም ከእንግዲህ አያስፈልግም» አለን። እኔና እትዬ ከአዳራሹ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ነበር። ተያየን። እሳቸው ተነሡና፣ «ልጄ፣ ይሄ ጥርስ በሕይወት ሳለ ምን ቋንቋ ይናገር ነበር?» አሉት። እኔ ደግሞ ቀጠልኩና፣ «ምኑንስ ያኝክበት ነበር? በምን ዕቃ አብስሎ?» አልኩት። እሳቸው ሲያርፉ እኔ፣ እኔ ሳርፍ እሳቸው፤ ያ ምስኪን ከረጢቱን ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያው ሲሄድ ላየው ያሳዝን ነበር። የጥርሱ ውጤት በኋላ ወደ እትዬ ሣር ሜዳ ያጋደለ መሰለ፤ እሳቸውም ለአንድ ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ትንሽ የእንጨት ፈረስ ያስቀምጡልኝ ነበር። ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ሃያ አንድ ፈረስ አለኝ። ሙሉ የሰረገላ ጦር ማስነሣት እችላለሁ።

አንድ በጋ ደግሞ «እናንተ ጭቃ ውስጥ ምን እንደምትሠሩ ልይ» ብለው ቁፋሮ ድረስ መጡልን። በመጡ በሁለተኛው ሰዓት ሥራ ቆመ። ለምን ቢሉ፣ እያንዳንዱን ቆፋሪ «በእናንተ መንደር አካፋን ምን ትሉታላችሁ? የድንች ቂጣንስ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ምሳ ሰዓት ላይ የሁለት ጎረቤት መንደር ልጆች በድንች ቂጣ ስም የተነሣ ደረት ለደረት ተያያዙ! እኔ ልገላግል እሮጣለሁ፤ እትዬ ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው፣ «ቆይ አታላቅቃቸው፣ ሲናደዱ ነው ትክክለኛውን ቃል የሚናገሩት» ይሉኛል። ከዚያ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀዝቃዛ የቀይ ሥር ሾርባቸውን በዝግታ ጠጡ። አንድ ሰዓት ተኩል። ሲነሡ ምን ላይ ተቀምጠው እንደነበር አየነው። የእህል ወፍጮ ድንጋይ! የዚያ ዓመት ትልቁ ግኝታችን! የእኔ ገበሬዎች ወፍጮ፣ በሣር ሜዳዋ ሴትዮ ቂጥ ሥር! «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?» ብላቸው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ይመቻል ብዬ ነው» አሉ። በግኝት መዝገቡ ላይ «ያገኘው ሰው» በሚለው ቦታ የእሳቸውን ስም ጻፍኩ፤ «እንዴት ተገኘ» በሚለው ላይ ግን በጨዋ ቋንቋ የምጽፈው አጥቼ ባዶ ተውኩት።

ቀይ እስክሪብቶአቸውን ያልቀመሰ እዚህ ውስጥ አለ? እጅ አውጡ! የለም። ባለቤቴ ለአዲስ ዓመት የላከችላቸውን የመልካም ምኞት ካርድ አርመው መለሱላት። ሰባት ስሕተት። ባለቤቴ በመስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ በኩራት ታሳያለች።

እንጉዳዩን ነገር ካላነሣሁ ደግሞ አትለቁኝም። በየመስከረሙ ወደ ዙኪያ ጫካ እንወርዳለን፤ እሳቸው የተወለዱበት አገር ነው። ሁላችንም ቅርጫታችን ውስጥ ቅጠልና ተስፋ መቁረጥ ይዘን ስንመለስ፣ እትዬ ከዛፎቹ መሀል ብቅ ይላሉ። ቅርጫታቸው ሞልቶ፣ ሻርፓቸው ሞልቶ፣ ኮፍያቸው ሞልቶ!

«ከየት አገኙት?» እንላለን።

«ከጫካ።»

«ከየትኛው በኩል?»

«ዛፍ ካለበት በኩል።»

እኚህ ሴትዮ እኮ ከስድስት ሺህ ዓመት በፊት የሞቱ፣ ስማቸውን ማንም የማያውቀው ሰዎች ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደተነሡ፣ በየት ዞረው በየት እንደመጡ ካርታ ላይ በእርሳስ ያሳያሉ። ትናንት የለቀሙት እንጉዳይ ከየት እንደመጣ ግን ሳይንስ እስካሁን አልደረሰበትም! እትዬ፣ ዛሬ የመጨረሻ ዕድልዎ ነው። ጡረታ ሲወጡ ካርታውን ለተቋሙ... አይ፣ ተዉት፣ ፊትዎን አየሁት።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልሂድ። ሉድቪካስ በንግግሩ መጨረሻ ላይ ይቺን የእንጨት ኤሊ ሸለማቸው። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እትዬም ሳቁ፤ ሁልጊዜም ይስቃሉ። ለአዲሶቹ ልጆች ኤሊዋ ለምን እንደሆነች ማንም አልነገራቸውምና እኔ ልንገራቸው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የተቋማችን የዓመት መጽሔት አሥራ አራት ገጽ ጎድሎት ወጣ። የመጽሔቱ የቋንቋ አራሚ እትዬ ጌኖቫይቴ ነበሩ። በስብሰባ ላይ «ምን ሆነ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «እርማቱ ዘግይቶብኝ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ለሦስት ዓመት ከአራሚነት ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ኤሊ ናቸው። በልደታቸው ኤሊ ያለበት ካርድ፣ በአዲስ ዓመት የቸኮሌት ኤሊ። ሃያ ሁለት ዓመት።

እንግዲህ ስሙኝ። ይህን ንግግር ከጻፍኩት ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ ይቺን ክፍል ግን በየቀኑ እያወጣሁ በየቀኑ እመልሳት ነበር። ዛሬ ግን አልመልሳትም።

ያ አሥራ አራት ገጽ የእኔ ነበር።

እትዬ መስኮቱ ላይ አንድ ጥቁር የሸክላ ዕቃ ነበራቸው፤ እናታቸው ከመንደር የሰጧቸው፣ በጭስ የጠቆረ፣ ሆዱ ዙሪያውን ገመድ የታተመበት። ማር ይይዝ ነበር። ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው የእሱን ማር ነበር፤ ከዚህ ክፍል ውስጥ ማንኪያውን ያላስገባበት የለም። አንድ የካቲት ጠዋት ዕቃው ከነማሩ ጠፋ። እትዬ ቤቱን አመሱት። እኔ በጨዋታ፣ «ወደ ምዕራብ ፈልሶ ይሆናል፤ ከጥቂት ሺህ ዓመት በኋላ ቃሉን አየርላንድ ያገኙታል» አልኳቸው።

ስታሴ፣ የኔ እመቤት፣ አትደንግጪ። አውቃለሁ። ስትወለውዪ ወደቀብሽ፤ ፈራሽ፤ ገሉን ለቅመሽ እኔ ያጠብኳቸው ገሎች በጋዜጣ ላይ የሚደርቁበት ትሪ ውስጥ ደበቅሽው። ገል ለመደበቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ በሊቱዌኒያ የለም! ማንም አልተቆጣሽም፤ ተቀመጪ፤ ማልቀሱ ለእኔ ይገባል እንጂ ለአንቺ አይደለም።

እኔ ታዲያ በማግሥቱ ትሪዬን ባይ፣ አሥራ አንድ የሚያማምሩ ጥቁር ገሎች! ገመድ የታተመባቸው! በጥንት ዘመን ሸክላን ገመድ እያተሙ ያስጌጡ ነበርና፣ የአራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሥራ ነው ብዬ ልቤ ሊቆም። አሁን እናንተ ትሉኛላችሁ፤ «አንተ ሰው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማር የላስክበትን ዕቃ እንዴት አታውቀውም?» እውነታችሁን ነው። ግን አርኪዮሎጂስት ያልተሰበረ ዕቃ አያይም! ደኅና ሳለ ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ አንድ ቀን አላየሁትም፤ የተሰበረ ዕለት ወደድኩት።

ደግሞ ከውስጥ በኩል የሚጣበቅ ነገር አለው። አሸተትኩት። ከዚያ... በሙያችን ገልን በምላስ ጫፍ መንካት ያለ ነገር ነው፤ አትሳቁ፤ እሺ ሳቁ። ነካሁት። ማር! ከአራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በኋላ ገና ይጣፍጣል! አንድ ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ግን «ያልሞተው ማር» የሚል ርዕስ ሰጥቼ አሥራ አራት ገጽ ጻፍኩበት፤ ከነሥዕሉ፣ ከነልኬቱ።

የጻፍኩትን ጉድ ስሙት። እትዬ ለዓመታት «እናት ቋንቋው የማር ቃል ነበረው፣ ሰዎቹ ማር ያውቁ ነበር» ሲሉኝ፣ እኔ «ማሩን ያሳዩኝ» ስላቸው ኖሬያለሁ። እና በመጨረሻው ገጽ ላይ በገዛ እጄ፣ «በዚህ ጉዳይ ላይ ወይዘሮ ጌኖቫይቴ ትክክል ነበሩ» ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ! ላስደንቃቸው ብዬ ሳልነግራቸው ለመጽሔቱ ሰጠሁ። የቋንቋ አራሚዋ ማን እንደሆኑ አስታውሱ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ ገቡና በሩን ዘጉ። ያ በር ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ጽሑፌን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ከመሳቢያቸው የወረቀት መቆንጠጫ የሚያኖሩባትን ጥቁር ሳህን መሳይ ነገር አወጡ፤ መቆንጠጫዎቹን ገልብጠው አፈሰሱ። ለካ ሳህን አይደለችም፤ ክዳን ናት። ከገሎቼ ትልቁን፣ የዕቃውን አፍ የያዘውን፣ አነሡና ክዳኗን ገጠሙበት። ጠቅ አለች። ልክክ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እትዬ ጌኖቫይቴ በእጅ የሚዳሰስ ማስረጃ ያመጡት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ጨረሰኝ።

«ገመዱ?» አልኩ።

«ሸክላ ሠሪው ነው፤ ጭቃው እርጥብ ሳለ ሆዱ እንዳይረግብ ብሎ ያሰረው። እናቴ ስትገዛው አጠገቧ ነበርኩ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔና አንተ። ክዳኗም ታውቃለች፤ ግን ሸክላ ናት፤ አትናገርም።»

አስቡት እንግዲህ። እንዳለ ቢያሳልፉት፣ ትክክል ነበሩ የሚል ጽሑፍ በባላጋራቸው ፊርማ ታትሞ ይወጣላቸው ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቢናገሩት ደግሞ እኔ ያን ጊዜውኑ አልቆልኝ ነበር፤ ትኩስ ማር ልሶ ጥንታዊ ነው ያለ ሰው ዳግመኛ አካፋ ማን ይሰጠዋል? ሁለቱንም አላደረጉም። ያችን ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶአቸው ሰረዟት። «ትክክል ነበሩ» የሚለውን! እሱን ሰርዘው ሲያበቁ ገጾቹን ሁሉ አጥፈው ሰጡኝ። ከዚያ ስብሰባው መጣ፤ ዳይሬክተሩ «አሥራ አራቱ ገጽ የት ገባ?» አሉ፤ እኔ አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ቀደሙኝ። ሁልጊዜም ያቋርጡኛል ብያችኋለሁ።

እኔም አፌን መልሼ ዘጋሁት። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ፈራሁ። ማስጠንቀቂያው ሲነበብባቸው ጫማዬን አይ ነበር። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ኤሊ ሲሰጧቸው ከእናንተ ጋር አጨበጨብኩ። ስንጣላ፣ ስንጯጯህ፣ እኔ የማይባል ስላቸው እንኳ፣ አንድ ቀን «ማሩስ?» ብለውኝ አያውቁም። አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃቸው፤ ቃል ደግሞ ሥራቸው ነው። አልተነፈሷትም።

ስለዚህ ሉድቪካስ፣ ይቅርታህን፣ ኤሊዋን ወደዚህ። አመሰግናለሁ። የእኔ ናት፤ ከነቸኮሌቶቹ ሒሳቡን ባለቤቴ ጋር እንጨርሳለን። በማኅደራቸው ያለችውን ያችን የማስጠንቀቂያ ወረቀትም ሰኞ ጠዋት አውጥተህ የእኔ ማኅደር ውስጥ አስገባት። አሁን የተናገርኩትን በጽሑፍ ፈርሜ አምጥቻለሁ፤ ይኸው። አሥራ አራት ገጽ አይሞላም፤ አንድ ገጽ ነው። አላሳረምኩትም።

አንድ ነገር ቀርቷል። በዚያው ሰሞን እትዬ፣ «ገሉን ምን አደረግኸው?» ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁኝ። ኀፍረት ይዞኝ፣ «ጣልኩት» አልኩ። ዋሸሁ። «ልዩ ልዩ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሣጥን ውስጥ፣ ጠረጴዛዬ ሥር፣ ከእግርዎ ሁለት ሜትር ርቆ ኖረ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ቤቴ ወስጄ በሙጫ ገጠምኩት። ይኸው።

ቀስ ብላችሁ አሳልፉላቸው! ስታሴ አንቺ አትንኪው!

ቁጥሮቹን ከየገሉ ላይ አላጠፋሁም፤ የስሕተቴ ቁጥሮች ናቸው። ያች ነጭ ቦታ ጄሶ ናት፤ አንዲት ትንሽ ገል ጎድላ ነበር። በሙያችን ደንብ የተጠገነው ቦታ ቀለም አይቀባም፤ የጎደለው እንዲታወቅ ነጭ ሆኖ ይተዋል። ውስጡ ማር አለ፤ ከራስዎ ከዙኪያ የመጣ፣ የዘንድሮ። ክዳኗን እንደሆነ አላውቅም፤ እርስዎ ጋር ናት... አየሁ፣ ቦርሳዎ ውስጥ ኖራለች? ዛሬም? ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ዕቃዋ?

ልክክ አለች። ሰማችሁ?

እትዬ፣ አሁን ሕጉን አንሥቼልዎታለሁ፤ ይናገሩ። ምን ሊሉ እንደሆነ ከደረጃው ጀምሮ አውቃለሁ። በሉ ይጠይቁኝ።

ሰማችሁ? «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም» ይላል።

በሉ ሁላችሁም ተነሡ፤ ጠጃችሁን ያዙ። ስታሴ፣ እንባሽን ጥረጊና አንቺም ብርጭቆ አንሺ። እትዬ ጌኖቫይቴ፣ ጉልበትዎ ጫካውን ለመዞር፣ ዓይንዎ እንጉዳዩን ለማየት ይበርታልዎ። ከየመንደሩ ያሉ አሮጊቶች ደጃቸውን ይክፈቱልዎ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ስላረሙኝም፣ ስላቋረጡኝም፣ ከሁሉ ይልቅ ያን ቀን በሩን ስለዘጉልኝ። ሰኞ መስኮቱ ላይ ስንዴ ብቻዋን አትሆንም፤ ጎማዋን እኔው እስላታለሁ፤ ጠማማ ስለምትሆን መጥተው ያቃኑልኝ።

የሣር ሜዳውን ነገር ገና እንከራከርበታለን። ሦስተኛው ስምምነታችን ግን ይኸው፦ በማሩ ጉዳይ ወይዘሮ ጌኖቫይቴ ትክክል ነበሩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር እንዳይሰርዙብኝ፣ ቀይ እስክሪብቶዎን ገና ስንገባ ስታሴ ከኪስዎ አውጥታዋለች።

ለጤናዎ!